ኪቦርድ ጠጋኙ ኪቦርድ ተጫዋች የሆነበት መንገድ፦ ከድሬዳዋ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሣሣኝ

ሙዚቃን የዕለት እንጀራዬ አደርጋለሁ ብሎ የተነሣ ወጣት ምክር ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰማል፤ ወይ «ተሰጥኦው ካለህ ማንም አያቆምህም» ይባላል፣ ወይ ደግሞ «አዝማሪነት ምን ይሠራልሃል፣ ሥራህን ያዝ» ይባላል። ሁለቱም መልሶች የሙዚቃ ሥራ በተግባር ምን እንደሚመስል፣ በየትኛው ወር ገንዘብ እንደሚያስገኝና በየትኛው ወር እንደማያስገኝ፣ ምን ያህል ዘፈን ማወቅ እንደሚጠይቅ አንዳች አይናገሩም። ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ በቅርብ የተከታተልሁት የአንድ ወጣት ጉዳይ ስለነዚህ ነገሮች ብዙ የሚናገር ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከራሱና ከቤተሰቡ ፈቃድ ጠይቄ እንዲህ ጽፌዋለሁ። የሰዎቹንም የድርጅቶቹንም ስም ትቻለሁ።

ስለ ራሴ ድርሻ አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባኛል። በወጣትነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ተጫውቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመምህርነት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ዳር ቆሜ የተመለከትሁ ሰው አልነበርሁም። አንዳንዱን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከሰጠሁት ውስጥም ያልሠራ አለ፣ እሱንም በቦታው አነሣዋለሁ።

ወጣቱና ከተማው

ነገሩ ሲጀምር ወጣቱ የ23 ዓመት ልጅ ነበር። በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ፣ መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ከከፊራ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ሱቅ ጥገና ይሠራ ነበር። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቀምጥ ጠባብ ሲሆን ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በተፈቱ ማጉያዎች፣ በስፒከር ቀፎዎችና በገመድ ጥቅል የተሞላ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ እናቱ የቤት እመቤት ናቸው፤ የሚኖሩት ከዚራ ሰፈር ነው። በቤታቸው የሙዚቃ መሣሪያ ኖሮ አያውቅም፣ ከዘመድም የሚጫወት ሰው አልነበረም።

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሏቸዋል ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ስለሆነ ሰዉ ሲሻገረው ይውላል። ወጣቱም ከተሻጋሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር በአማርኛ፣ ከሱቁ ባለቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከብዙዎቹ ደንበኞች ጋር በሶማሊኛ እየተነጋገረ ነው ያደገው፤ ሐረሪኛም ይሰማል። ይህን ግን እንደ ትምህርት አይቆጥረውም ነበር። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው ብሎ ያስባል፣ እውነቱንም ነው።

ዝንባሌው የታወቀበት አጋጣሚ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ አንጋፋ የሰርግ ተጫዋች ያማሃ ኪቦርዱን ለጥገና አመጣ። ከቁልፎቹ አሥራ አንዱ ድምፅ አልሰጥ ብለው ነበር። የዚህ ዓይነት ኪቦርድ ውስጡ ሲከፈት ከቁልፎቹ ሥር ረጅም የጎማ ሰቅ ይገኛል፤ በጎማው ላይ ትናንሽ ጥቁር የካርቦን ነጥቦች አሉ፣ ቁልፉ ሲጫን ነጥቡ ከታች ካለው ሰሌዳ ጋር ይነካካና ድምፅ ይወጣል። በነጥቡና በሰሌዳው መካከል የድሬዳዋ አቧራና የተጫዋቹ ላብ ሲጋገር ቁልፉ ይሞታል። ጥገናው ከባድ አይደለም፤ ጥጥ በአልኮል አርሶ እያንዳንዱን ነጥብ መጥረግ፣ ጎማውን በቦታው መመለስ፣ ከዚያም ቁልፉን እየተጫኑ መሞከር ነው።

ወጣቱ ሥራውን በሁለተኛው ቀን ጨረሰ። ሦስተኛውን ቀን ኪቦርዱን የያዘው ለመሞከር ነበር። መጀመሪያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካ ነበር፤ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ካለ ሻይ ቤት የሚሰማውን ዘፈን በአንድ ጣት ይከተል ጀመር። ዘፈኑ ሲያልቅ እሱ አላቆመም። የመሣሪያው ባለቤት ኪቦርዱን ሊወስድ መጥቶ ደጃፉ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አዳመጠው። «ከማን ተማርህ?» ሲለው «ከማንም» አለው። አንጋፋው ተጫዋች እዚያው ቆሞ አንድ ሐረግ አዜመለትና እንዲመልስለት ጠየቀው፤ መለሰለት። ያንኑ ሐረግ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ ያህል ወደ ላይ፣ አንሥቶ ደገመለት፤ ወጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተና በሦስተኛው አገኘው። አንጋፋው የጥገናውን ሒሳብ ከፍሎ ሲያበቃ፣ «ቅዳሜ ሰርግ አለኝ፣ ገመድ የሚይዝልኝ ልጅ እፈልጋለሁ» ብሎት ሄደ።

በእኔ ግምት በዚያ ቀን የታወቀው የጆሮ ነገር ብቻ ነው። ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ አለ፤ አብዛኛው ባጃጅ እየነዳ ከቴፑ ጋር ያንጎራጉራል እንጂ በሙዚቃ አይኖርም።

ችግሩ

ወጣቱ በአባቱ በኩል ወደ እኔ የመጣው ከሦስት ሰርግ በኋላ ነው። ገመድ ሲይዝ፣ ስፒከር ሲሸከም፣ አንጋፋው ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ኪቦርዱን ሲነካ ከርሞ ነበር። ይዞት የመጣው ግን ምክር የሚጠየቅበት ጉዳይ ሳይሆን የተቆረጠ ውሳኔ ነው፤ ሱቁን ይለቃል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ነጠላ ዜማ ያወጣል። ዘፋኝ መሆን ነው የፈለገው። ሲዘፍን ሰማሁት፤ ድምፁ አያስከፋም፣ ለማስታወስ ግን አይይዝም። ጣቶቹ ግን ከድምፁ ይበልጡ ነበር።

እንደ ተረዳሁት ዋናው ችግር «ሙዚቀኛ» የሚለውን ቃል «ዘፋኝ» ብሎ መተርጎሙ ነው። በአንድ ሰርግ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ቢቆጠሩ ዘፋኙ አንድ ነው፤ ከሱ ጀርባ ኪቦርድ ተጫዋች፣ አንዳንዴም ሳክስፎን ወይም ጊታር፣ ድምፅ የሚቆጣጠር፣ ዕቃ የሚያከራይ፣ ዕቃ የሚጠግን አለ። ወጣቱ ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን መሥራት የሚችል ሆኖ ሳለ የማይችለውን ሦስተኛ ይመኝ ነበር።

በዚህ ላይ የእናቱ ነገር ተጨመረ። «ከዘራችን አዝማሪ ወጥቶ አያውቅም» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉት። አንባቢ ይህን የኋላ ቀር አስተሳሰብ ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ እሳቸው የፈሩት ሌሊቱን፣ መጠጡንና ጫቱን ነው፤ ይህንንም በስም እየጠሩ ነግረውኛል። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው።

ቤተሰቡን ስለ ማሳመን

ክርክር እንደማያዋጣ ስለማውቅ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቡና ሄድሁ። እናቱ እጣኑን እያጤሱ «ጋሼ፣ እርስዎም ከነሱ ጋር ነዎት?» አሉኝ። «ከልጁ ጋር ነኝ» አልኋቸው። ያን ቀን ነገሩን ያላላው ግን የኔ ንግግር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡት አባትየው ስለ ዓሊ ቢራ ማውራት ጀመሩ። ዓሊ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ከተማ በተመሠረተው በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ በልጅነቱ ገብቶ፣ በ2015 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ ሲዘፍን ኖሯል። አባትየው ወሬውን የጨረሱት «እሱም እናት ነበረችው» በማለት ነው። እናትየው ምንም አልመለሱም፤ ሁለተኛውን ቡና ግን ለልጁም ቀዱለት።

ከዚያ በኋላ የተስማማነው በዝርዝር ነው። የሱቁን ሥራ ለአንድ ዓመት አይለቅም። ሰርግ ባለበት ሌሊት አንጋፋው ተጫዋች ራሱ እስከ በር ያደርሰዋል። ከሚያገኘው ገንዘብ የተወሰነውን ለእናቱ ይሰጣል። ጫት በሚቃምበት ክፍል ልምምድ አያደርግም፤ ይህ የመጨረሻው የእናቱ ቃል ነበር፣ ለማስከበርም ከሁሉ የከበደው እሱ ሆነ።

ልምምዱ እንዴት ተካሄደ

ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ቀትር ላይ ተዘግተው የሚከፈቱት ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ነው። ለእንቅልፍ የተተወው ይህ ሰዓት ለወጣቱ ልምምድ ዋለ። በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ አንጋፋው ባዋሰው አሮጌ ኪቦርድ፣ ጎረቤት እንዳይነቃ በሄድፎን ይለማመድ ነበር። ላቡ ቁልፎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በፎጣ ያስር ነበር፤ ቁልፍ በላብ እንዴት እንደሚሞት ከማንም በላይ ያውቃልና።

የመጀመሪያው ምክሬ ኖታ ማንበብን እንዲማር ነበር። ይህ አልሠራም። ለሦስት ወር ያህል እሱም እኔም ተቸገርን፤ ሰርግ ላይ ማንም ወረቀት ዘርግቶ ስለማይጫወት፣ የሚማረው ነገር ከሚሠራው ጋር አልገናኝ አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ጋር ሲሠራ ራሱ መጥቶ ኖታ አስተምረኝ አለኝ፤ ያን ጊዜ በአምስት ሳምንት ያዘው። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትራንስፖዝ የሚባለው ቁልፍ ነበር፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ኪቦርድ ላይ ይህ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ የመሣሪያው ድምፅ በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዘፋኙ በየትኛውም ቃና ቢዘፍን ተጫዋቹ እጁን ሳያንቀሳቅስ በነጮቹ ቁልፎች ብቻ ይጫወታል። ለሀገራችን ቅኝት ደግሞ ይህ እጅግ የሚያታልል ነገር ነው። ትዝታ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሁሉም ነጭ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ እሱም ነጭ ነው። አምባሰል ከሚ ቢነሣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆንና አሁንም ነጭ ብቻ ይበቃል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች በነጮቹ ብቻ በምንም መንገድ የማይገኘው አንቺ ሆዬ ነው፤ ከየትም ቢጀመር ቢያንስ አንድ ጥቁር ቁልፍ ይፈልጋል። ወጣቱ በመጀመሪያው ዓመት አንቺ ሆዬ ሲጠየቅ «አላውቀውም» ይል የነበረው ለዚህ ነው። ዜማውን ያውቀዋል፤ እጁ ግን ጥቁሮቹን ለምዷቸው አያውቅም።

ጉዳቱ አንድ ቀን በአደባባይ ታየ። ሳቢያን አካባቢ በነበረ አንድ ሰርግ ላይ ለቀደመው ዘፋኝ ሁለት ድምፅ ዝቅ ያደረገውን ትራንስፖዝ ሳይመልስ፣ ቀጣይዋ ዘፋኝ ሙሽሮቹ ሲገቡ ጀመረች። ሙሽራው ደጃፍ ላይ ነው፣ እልልታው ቀልጧል፣ ዘፋኟና ኪቦርዱ በየፊናቸው ይሄዳሉ። አንጋፋው ዘሎ የድምፁን መቆጣጠሪያ ዘጋና ሰዉ በጭብጨባ ብቻ እንዲዘፍን አደረገው። እንግዶቹ ስሕተቱን አላወቁትም፤ እንዲያውም ወደውታል ይባላል። ወጣቱ ግን በማግሥቱ ትራንስፖዟን በፕላስተር ሸፈናት። አራቱን ቅኝቶች ከአሥራ ሁለቱም ድምፆች እየተነሣ ለመጫወት ሰባት ወር ፈጀበት።

ደብተሩ

ወደ ሥራ ያስገባው ነገር ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ የምጠቅሰው ደብተሩን ነው። አንጋፋው ተጫዋች የሚያውቀውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። ወጣቱ ጠጋኝ ስለሆነ የለመደው ሌላ ነው፤ ሱቅ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ ጉድለቱ፣ የተቀየረው ክፍል፣ የተከፈለው ሒሳብ በመዝገብ ይጻፋል። ያንኑ ልማድ ወደ ሙዚቃው አመጣው። በአንድ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ላይ የዘፈኑን መነሻ ስንኝ፣ ቋንቋውን፣ ቅኝቱን፣ ምቱን፣ የትኛው ዘፋኝ በየትኛው ቃና እንደሚዘፍነው፣ በሰርጉ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠራ መጻፍ ጀመረ።

ደብተሩ በቋንቋ የተከፋፈለ ነው። የአማርኛው ክፍል በችክችካ ምት የተሞላ ነው። የኦሮምኛው ክፍል በአብዛኛው የሐረርጌ ሸጎዬ ነው፤ ጨፋሪው በአንገትና በትከሻ ስለሚመልስ ተጫዋቹ ፍጥነቱን ከማሽኑ ሳይሆን ከጨፋሪው መውሰድ አለበት። በሶማሊኛው ክፍል ዳንቶ የሚባለው ጭፈራ አለ፤ ምቱ ሬጌን የሚያስታውስ ስለሆነ ወጣቱ መጀመሪያ በኪቦርዱ ውስጥ ባለው የሬጌ ምት ሊያጅበው ሞክሮ ነበር። አንድ ሶማሌ ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛውን በእጁ እየመታ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ እስኪያሳየው ድረስ ስሕተቱ አልታወቀውም። ለሐረሪዎቹ ዘፈኖች ደግሞ ሐረር ጀጎል ድረስ እየሄደ፣ በዘመድ በኩል ከተዋወቃቸው እናቶች ዘንድ ተቀምጦ ቃሉን ጽፏል። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ምት ለአብዛኛው የኛ ዘፈን ስለማይሆን፣ ከሌላ ተጫዋች በፍላሽ የተገለበጠውን ለራሱ እያስተካከለ ጫነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደብተሩ ውስጥ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ዘፈኖች ነበሩ።

ያልሠራው፦ ነጠላ ዜማው

ወጣቱ የዘፋኝነቱን ሐሳብ በልቡ ይዞት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሁለት ዓመት ዕቁቡ ሲደርሰው፣ የራሱን ኪቦርድ ሊገዛበት የነበረውን ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብር፣ ለስቱዲዮና ለክሊፕ ከፍሎ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ አወጣ። ከመሄዱ በፊት ሐሳቡን ነግሮኝ ነበር፤ ተስፋውን ማቀዝቀዝ ስላልፈለግሁ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሕተት ነበር እላለሁ።

ዘፈኑን ዘመድና ጓደኛ ሰማው፤ በዚያው ቀረ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ዩቲዩብ ቢያንስ 1,000 ተከታይና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የዕይታ ሰዓት እንደሚጠይቅ ያወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህ የባሰው የውሉ ነገር ነበር። ከዜማ ደራሲው ጋር የተዋዋሉት በቃል ብቻ ስለነበር፣ ያው ዜማ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ግጥም በሌላ ሰው ሲዘፈን ሰማው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን፣ የከዋኝንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰርን መብት ለያይቶ ያስቀምጣል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ወጣቱ ግን ከዜማው ምን ያህሉን እንደ ገዛ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ገዛ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ስላልነበረው አዋጁን ይዞ የሚቀርብበት መነሻ አጣ።

ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ ለሁለት ሳምንት ኪቦርድ አልነካም። አንጋፋው ተጫዋች ግን ሊያጽናናው አልሞከረም፤ «ቅዳሜ ሰርግ አለ» ብሎ ብቻ ላከበት።

የ2016 መጋቢት

የሙዚቃ ሥራ ወቅት እንዳለው ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ወቅቱ እንዴት እንደሚቆጠር ግን በ2016 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የጀመሩት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። ከዚያ ቀን አንሥቶ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ሰፈር የሰርግ ድንኳን ጠፋ። ከተማው ውስጥ የማውቃቸው ተጫዋቾች ከፊሉ ዕቃቸውን አስይዘው ተበደሩ፣ ከፊሉ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጡ።

ወጣቱን በዚያ ሰሞን ያቆየው ሊጥለው የነበረው የጥገና ሥራ ነው። ሥራ የፈቱት ተጫዋቾች ዕቃቸውን የሚያስጠግኑት በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ የሞቱ ቁልፎች፣ የተቃጠሉ ስፒከሮች፣ የላሉ የገመድ ጫፎች ጠረጴዛው ላይ ተከመሩ። የሱቁ ባለቤት የሙዚቃ ዕቃውን ክፍል በድርሻ እንዲይዝ የፈቀደለት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ዒድ አል ፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ሲሆን ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። የአማርኛ ዘፈን ብቻ የሚያውቅና ደንበኞቹ በአብዛኛው ክርስቲያኖች የሆኑ ተጫዋች እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሸጎዬና ዳንቶ የሚጫወተው ግን በመካከል ባሉት ሃያ አምስት ቀናት ሥራ አለው። በእርግጥ በመንዙማ ብቻ የሚከናወን፣ መሣሪያ የማይገባበት የሙስሊም ሰርግ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ወጣቱ በነዚያ ቀናት ስድስት ሰርግ ተጫውቷል። የራሱን ኪቦርድ፣ ያውም ያገለገለ፣ የገዛው በዚያ ገንዘብ ነው።

ቀብድና ጆሮ

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ሥራውን ሊያበላሹት ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ነው። አንድ ባለ ሰርግ በዋዜማው «ዘመድ ሞቶብናል» ብሎ ሰርዞ፣ በማግሥቱ ሌላ ተጫዋች አስመጥቶ መሰረጉ ታወቀ። ወጣቱ ለዚያ ቀን የመጣለትን ሌላ ሥራ መልሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀብድ ሳይቀበል ቀን አይዝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ወጣቱ ይህን በአንድ ገጽ ውል ላይ ጽፎ ሲያቀርብ አንዳንዶች ስቀውበታል። ፈርመው የቀሩበት ግን እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጆሮው ነው። ከሰርግ በኋላ እስከ ማግሥቱ ቀትር የሚቆይ ጩኸት በጆሮው ውስጥ ይሰማው ጀመር። ሰው በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መሥራት ይችላል ከተባለ፣ ድምፁ በየ3 ዴሲቤል ሲጨምር ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ በ100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ የሰርግ ድንኳን ውስጥ ስፒከር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ የሚቆየው አምስትና ስድስት ሰዓት ነው። መፍትሔው ሦስት ነገር ሆነ፤ ስፒከሮቹ ከተጫዋቹ ፊት ቀድመው ተተከሉ፣ የጆሮ መድፈኛ ገባ፣ ለተጫዋቹ ብቻ የምታገለግል ትንሽ ስፒከር እግሩ ሥር ተቀመጠች። ይህችን ስፒከር ከሁለት ከተጣሉ ቀፎዎች የሠራት ራሱ ነው።

ለሌላ ወጣት ሊጠቅም የሚችለው

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ነገር ካለ፣ በእኔ ፍርድ ከሁሉ የሚቀድመው አስቀድሞ የተያዘን ሙያ ለሙዚቃ ሲባል አለመጣል ነው። ጥገናው ደመወዝ ከመሆኑም ሌላ፣ የመዝገብ ልማዱን፣ የዕቃ ዕውቀቱን፣ ከተጫዋቾች ጋር መተዋወቁን ሁሉ ያመጣለት እሱ ነው። ልብስ ሰፊ የሆነች ወጣት ብትሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ይሆን ነበር፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን ያው ነው፦ የያዝሁት ሙያ የሙዚቃን ሰፈር በየት በኩል ይነካዋል?

ሁለተኛ፣ ከመዋዕለ ነዋይ በፊት የሥራ ድርሻን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ወጣቱ ዕቁቡን ለነጠላ ዜማ ያዋለው ዘፋኝነቱ በማንም ፊት ሳይፈተን ነው። ኪቦርድ ተጫዋችነቱ ግን በሰርግ ላይ ብዙ ጊዜ ተፈትኖ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የማያውቁት ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ደጋግመው የጠሩት ለየትኛው ሥራ ነው የሚለው ቆጠራ፣ ከመካሪም ከጓደኛም የበለጠ ይናገራል።

የቋንቋው ነገር የድሬዳዋና የሐረር ልዩ ዕድል ነው፤ ሌላ ከተማ ያለ ሰው በቀጥታ ሊቀዳው አይችልም። ሊቀዳ የሚችለው ቀን መቁጠሪያውን ነው። በከተማው ውስጥ የትኛው ማኅበረሰብ መቼ ይሰርጋል፣ መቼ ይጾማል፣ ምን ዓይነት ዘፈን ይጠራል ብሎ አሥራ ሦስቱን ወራት በወረቀት ላይ ማስፈር ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ያደረገ ተጫዋች ግን ከዚህ ወጣት በቀር አልገጠመኝም።

በቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስለ መማር ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ወጣቱም አስቦበት ነበር። ትምህርት ቤቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል እንደ መሆኑ መጠን ለዓመታት ከቤት መራቅን ስለሚጠይቅ ለሱ አልተመቸውም፤ ይህ ግን የሱ ሁኔታ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ላለው፣ ቤተሰቡም ሊደግፈው ለሚችል ወጣት የተለየ ምክር እሰጣለሁ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በ2017 ዓ.ም. ወጣቱ በራሱ ስም ቀን ይይዛል። አንጋፋው ተጫዋች ወገቡን ስለሚያመው ረጅሙን ሰርግ ለሱ እየተወ፣ እሱ መልስና ቅልቅል ብቻ ይጫወታል። ገመድ የሚይዝ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ቀጥረዋል። ልጁ ደብተሩን እንዲገለብጥ ተፈቅዶለታል፤ ትራንስፖዟ ላይ ያለውን ፕላስተር ግን እንዳይነካ ተነግሮታል።

እናቱ ልጃቸው በሚጫወትበት ሰርግ ላይ እስካሁን ተገኝተው አያውቁም። ባለፈው ጥር የእኅታቸው ልጅ ስታገባ ግን ሌላ ተጫዋች ሊጠራ ሲታሰብ፣ «ቤታችን ውስጥ እያለ ለባዳ ይከፈላል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ቀብዱን ያስቆረጡትም እሳቸው ናቸው፤ ግማሹን እንዲቀንስ ተከራክረውት፣ ልጁ ሩቡን ብቻ ቀነሰላቸው።